ድርጅት ሲሸጥ የሚታጠፍ መደብ፦ ከኩባንያ ግዢ በኋላ ስለሚመጣ የቢሮ ሠራተኛ ቅነሳ

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ሕንፃውንና ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ደመወዝ ከፋዩን፣ ሒሳብ ሠራተኛውን፣ የሕግ አማካሪውንና የግዢ ሹሙንም አብሮ ይረከባል። እነዚህ ሁሉ ግን ለገዢው አስቀድሞም አሉት። ፋብሪካ ያለው ሰው ሌላ ፋብሪካ ቢጨምር ሁለቱም ያመርታሉ፤ ሁለት የደመወዝ ክፍል ያለው ኩባንያ ግን አንደኛውን የሚያሠራበት ነገር የለውም። ግዢና የቢሮ ሠራተኛ ቅነሳ ስማቸው ተያይዞ የሚነሳው በመሠረቱ በዚህ ምክንያት ነው።

ከግዢ በኋላ የሚጠፋ ሥራ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። በመደራረብ የሚታጠፍ መደብ አለ፤ ሥራው ይቀጥላል፣ የሚሠራው ግን የሌላው ወገን ሰው ነው። ገዢው ለግዢው የተበደረውን ለመክፈል ሲል የሚቆርጠው ወጪ አለ፤ ይህ ቅነሳ ከተሸጠው ድርጅት የመጣውንም የገዢውን ነባር ሠራተኛም አይለይም። አንድ የምርት ወይም የምርምር መስመር ከነሠራተኛው የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ከእነዚህ ውጪ ማንም ሳያሰናብታቸው አዲሱ አለቃ፣ አዲሱ ደረጃ ወይም አዲሱ የሥራ ቦታ ስላልጣማቸው ራሳቸው የሚለቁ አሉ። በዜና ግን ሁሉም «ቅነሳ» ተብለው በአንድ መቶኛ ይነገራሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው አመጣጥ

የመጀመሪያው ትልቅ የውህደት ማዕበል በአሜሪካ ከ1895 እስከ 1904 የታየው ነው። በ1901 ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል የአንድሩ ካርኔጊን የብረት ድርጅት ከሌሎች ጋር አጠቃልሎ ሲቋቋም ሕዝቡን ያሳሰበው የዋጋና የገበያ ጥቅለላ ነገር ነበር። የቢሮ ሠራተኛው ከምድጃው ሠራተኛ አንጻር ጥቂት ስለነበር ዕጣው መከራከሪያ አልሆነም። ይህ የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ድርጅቶችን በአንድ ጥላ ሥር የሚሰበስቡ ኩባንያዎች በዙ፤ ሁሉንም ከላይ የሚቆጣጠረው ዋና መሥሪያ ቤትም አብሮ አበጠ። በ1980ዎቹ ደግሞ የኩባንያውን አመራር ፈቃድ ሳይጠይቁ አክሲዮኑን በቀጥታ ከባለአክሲዮኖች የሚገዙ ባለገንዘቦች መጡ። ለእነሱ ያበጠው ዋና መሥሪያ ቤት ሊቆረጥ የሚችል ወጪ ነበር። የገዢው ትርፍ ከተሻለ አሠራር ይመጣል ወይስ ከሠራተኛው ኪስ የሚለው የዛሬው ጥያቄ መልክ የያዘው ያኔ ነው።

እስራኤል ውስጥ መንገዱ ሌላ ነበር። በ1920 የተመሠረተው ሂስታድሩት የሠራተኛ ማኅበር ብቻ ሳይሆን ራሱ ትልቅ አሠሪ ነበር፤ ኩር የተባለው የኢንዱስትሪ ስብስብ የእሱ ንብረት ነበር። ኩር በ1980ዎቹ መጨረሻ በዕዳ ተይዞ ፋብሪካ ሲዘጋና ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ቀናሹና የተቀናሹ ጠበቃ አንድ ቤት ሆነው ተገኙ። በ1990ዎቹ ኩር ወደ ግል ባለሀብቶች እጅ ሲሻገር ይህ እንግዳ ሁኔታ አበቃ። በዚያው አሥር ዓመት የውጭ ኩባንያዎች የእስራኤልን የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በብዛት መግዛት ጀመሩ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ካሊፎርኒያ፣ ሠራተኛው ረሆቮት የሚሆንበት ዘመን መጣ።

የረሆቮት ማስረጃ

ረሆቮት በ1890 የተቆረቆረች፣ ለብዙ ዘመን በብርቱካኗ የታወቀች ከተማ ናት። በ1934 የዳንኤል ሲፍ የምርምር ተቋም ተከፈተባት፤ ተቋሙ በ1949 የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተባለ። ከግቢው አጠገብ እስከ ነስ ጽዮና ድንበር የተዘረጋው የሳይንስ መንደር፣ ቂርያት ዋይዝማን፣ ለዚህ ጥያቄ እንደ ተመቻቸ መፈተኛ ሊታይ ይችላል፤ በእግር በሚዳረስ ቦታ ውስጥ ተገዝተው ያደጉ፣ ከተዋሃዱ በኋላ የቀነሱ፣ ግዢው ሳይሳካ ቀርቶም የቀነሱ ድርጅቶች ተጎራብተው ይገኛሉና።

ካደጉት ይጀመር። አፕላይድ ማቴሪያልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1997 መጀመሪያ ኦፓልንና ኦርቦት ኢንስትሩመንትስን በድምሩ ወደ 285 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ሁለቱም የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በሚመረትበት ጊዜ ጉድለቱን የሚለኩና የሚፈልጉ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ነበሩ፤ ገዢው ይህ ዕውቀት አልነበረውም። ሥራው ረሆቮት ላይ ተሰባስቦ የኩባንያው ትልቅ የምርምርና የማምረቻ ማዕከል ሆነ። ሂውሌት ፓካርድ በ2002 የጠቀለለው የዲጂታል ማተሚያ ሠሪው ኢንዲጎም በሳይንስ መንደሩ ነስ ጽዮና በኩል ያለ ሲሆን፣ ከግዢው በኋላ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ኤልኦፕ የተባለው የረሆቮት የኤሌክትሮ ኦፕቲክስ ድርጅት በ2000 ከኤልቢት ሲስተምስ ጋር ሲዋሃድ ገዢው የሐይፋ ኩባንያ ነበር፤ ኤልኦፕ ግን ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ በከተማው ቆየ። በሦስቱም ገዢው የፈለገው እጁ ላይ ያልነበረን ሙያ ነው። መደራረቡ ትንሽ ስለነበር የሚታጠፈውም ትንሽ ሆነ።

የስትራታሲስ ታሪክ ጠመዝማዛ ነው፤ ትምህርቱም ይበዛል። ኦብጄት በ1998 የተቋቋመ፣ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ የሚሠራ የረሆቮት ድርጅት ነበር። በሚያዝያ 2012 ከአሜሪካው ስትራታሲስ ጋር ለመዋሃድ መስማማቱን አስታወቀ፤ ውህደቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተጠናቀቀ። አዲሱ ኩባንያ የአሜሪካውን ስም ይዞ በእስራኤል ተመዘገበ፤ ሚኒሶታ ኢደን ፕሬሪ አንድ፣ ረሆቮት አንድ፣ ሁለት ዋና መሥሪያ ቤት አደረገ። ይህ አደረጃጀት ለቢሮ ሠራተኛው ቀላል ነገር አይደለም። ውህደት ሲደረግ ከሁለት የሒሳብ ኃላፊ አንዱ የሚመረጠው በችሎታ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ከተማ በመሆኑም ጭምር ነው። ሁለት ዋና መሥሪያ ቤት ማቆየት ያንን ምርጫ ያዘገያል፤ አያስቀረውም።

ስትራታሲስ በ2013 ራሱ ገዢ ሆነ። ለቤትና ለትምህርት ቤት የሚሆን ማተሚያ የሚሠራውን የብሩክሊኑን ሜከርቦት በ403 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ወሰደ። ገበያው እንደታሰበው አልሄደም። የሜከርቦት ዋጋ በሒሳብ መዝገብ ላይ ተቀነሰ፤ በ2015 ሚያዝያ ከሠራተኛው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ከቀረው ሌላ አንድ አምስተኛ ገደማ ተሰናበተ፤ በተከታዩ ዓመት ማምረቱ ለሌላ ድርጅት በውል ተሰጠ። እዚህ ላይ ገዢው በእስራኤል የተመዘገበው ኩባንያ፣ ተሰናባቹ የኒውዮርክ ሠራተኛ ነበር። ገዢ ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ነው፣ ተቀናሽ ሁልጊዜ የእስራኤል ሠራተኛ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ይፈርሳል።

በ2023 ደግሞ ኩባንያው በአንድ ጊዜ ፈላጊም ተፈላጊም ሆነ። ዴስክቶፕ ሜታል ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በግንቦት ሊዋሃድ ተስማማ፤ ጎረቤቱ የነስ ጽዮናው ናኖ ዳይሜንሽን ሊገዛው ተነሳ፤ ስሪዲ ሲስተምስ የተባለ ሌላ ተፎካካሪም ቀረበ። የውህደት ሐሳብ ያቀረቡት ለባለአክሲዮን ባሰራጩት ጽሑፍ ውህደቱ በዓመት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚያድን አስልተው ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ትልቁ ድርሻ ከደመወዝ ነው። በመስከረም መጨረሻ ባለአክሲዮኖች የዴስክቶፕ ሜታልን ውህደት በከፍተኛ ድምፅ ጣሉት፤ የሌሎቹም ጥያቄ አልተሳካም። ስለዚህ ቅነሳው ቀረ? አልቀረም። በነሐሴ 2024 ስትራታሲስ ከሠራተኛው 15 በመቶ ያህሉን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ዴስክቶፕ ሜታልን በሚያዝያ 2025 ናኖ ዳይሜንሽን ጠቀለለው፤ ሐምሌ ሳያልቅ ዴስክቶፕ ሜታል በአሜሪካ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ግዢውን የሚኮንነውም የሚያወድሰውም ወገን ይህን ታሪክ ለራሱ ሊጠቅሰው ይችላል፤ ግዢው ባይኖርም ቅነሳው መጣ፣ ግዢው በተፈጸመበት ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ተናጋ።

ሌላው ለረሆቮት ቅርብ የሆነው የመድኃኒት ኩባንያው የቴቫ ነገር ነው። ቴቫ ለብዙ ዓመት የኖረበት ኮፓክሶን የተባለው የነርቭ በሽታ መድኃኒት መነሻው የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ነበር። ኩባንያው በ2016 አክታቪስ ጄኔሪክስን በ40.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ከፍተኛ ዕዳ ተሸከመ። በተከታዩ ዓመት የኮፓክሶን ርካሽ ተመሳሳይ አሜሪካ ገበያ ገባ፤ ገቢው አሽቆለቆለ። በታኅሣሥ 14 ቀን 2017 በዓለም ዙሪያ 14,000 ሠራተኛ፣ ማለትም ከጠቅላላው ከሩብ በላይ፣ እንደሚቀንስ ተናገረ፤ ከእነዚህ 1,700 ያህሉ እስራኤል ውስጥ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ሂስታድሩት በአገሪቱ የግማሽ ቀን የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ምክንያቱ ግዢው ነው ወይስ የመድኃኒቱ መብት ማብቃት? ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ኩባንያው ግዢውን የፈጸመው የኮፓክሶን ገቢ እንደሚደርቅ አስቀድሞ እያወቀ፣ ክፍተቱን እንዲሞላለት ብሎ ነበርና። ከላይ ከተለዩት ውስጥ ይህ የዕዳ ቅነሳ ነው። የመደራረብ ቅነሳ የሚመታው በአብዛኛው አንድ ዓይነት መደብ ያላቸውን ሲሆን፣ የዕዳ ቅነሳ ግን ከግዢው ጋር ምንም ያልተነካካውን የኩባንያውን የኢየሩሳሌም ፋብሪካ ሠራተኛ ጭምር ያገኘዋል።

አቋሞቹና የተደገፉበት ማስረጃ

የግዢ ደጋፊዎች ሐሳብ ሥሩ ሄንሪ ማን በ1965 ካቀረቡት ክርክር ይመዘዛል። በደንብ ያልተመራ ኩባንያ አክሲዮኑ ይረክሳል፤ ሲረክስ የተሻለ አመራር ያለው ይገዛዋል። በ1980ዎቹ ማይክል ጄንሰን ይህን አጠናክረው፣ አመራሩ ትርፍ ገንዘቡን ለባለቤቱ ከመመለስ ይልቅ መሥሪያ ቤት ማስፋፊያ ያደርገዋልና ግዢ ይህን ይገታል አሉ። በዚህ ዓይን የታጠፈው የቢሮ መደብ ቀድሞም ሊኖር የማይገባው ነበር።

ተቃራኒውን አቋም በጥራት ያስቀመጡት በ1988 አንድሬ ሽላይፈርና ሎረንስ ሰመርስ ናቸው። ክርክራቸው ከስሜት የራቀ ነው። ሠራተኛ ወጣት ሳለ ከሚያመርተው ያነሰ እየተከፈለው፣ ሌላ ቦታ የማይጠቅመውን የቤቱን አሠራር እየተማረ የሚቆየው ወደፊት እንደሚካስ በማመን ነው። ይህ ቃል በውል አልተጻፈም። ቃሉን የሰጠው አመራር በቦታው እስካለ ይከበራል፤ አዲሱ ገዢ ግን ቃል አልሰጠም፣ አይገደድምም። ስለዚህ ከግዢው የሚገኘው ትርፍ በከፊል አዲስ ሀብት ሳይሆን ከነባር ሠራተኛ ወደ ባለአክሲዮን የተዛወረ ሀብት ነው ማለታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ በአንድ ቢሮ የቆየ ሰው ያለበትን ሁኔታ ይህ ትንታኔ ከማንኛውም ሌላ በተሻለ ይገልጻል፤ ምን ያህሉ ትርፍ በዚህ መንገድ እንደሚመጣ ግን አይናገርም።

መጠኑን ለመለካት የተደረጉት ጥናቶች መልሳቸው እንደ ጥያቄያቸው ይለያያል። ለዚህ ዳሰሳ ቅርብ የሆነው የፍራንክ ሊክተንበርግና የዶናልድ ሲገል የ1990 ጥናት ነው። ከአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባገኙት መረጃ ዋና መሥሪያ ቤቶችንና ማምረቻዎችን ለያይተው ሲያዩ፣ የባለቤት ለውጥ በዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቁጥርና ደመወዝ ላይ ያደረሰው መቀነስ ከማምረቻው በጣም የበለጠ ሆኖ አገኙት። በዚያው ዓመት ሳንጃይ ባጋት፣ ሽላይፈርና ሮበርት ቪሽኒ የ1980ዎቹን የግዳጅ ግዢዎች መርምረው ስንብቱ በይበልጥ የመታው ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸውን የቢሮ ሠራተኞች መሆኑን፣ ይሁንና ገዢው ከገበያ በላይ የጨመረውን ዋጋ የሚያብራራው በከፊል ብቻ መሆኑን ጻፉ።

አጠቃላይ ድምሩን ያየ ሰው ግን ብዙ ለውጥ ላያገኝ ይችላል። ስቲቨን ዴቪስና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1980 እስከ 2005 በግል የኢንቨስትመንት ፈንዶች የተገዙ የአሜሪካ ድርጅቶችን ካልተገዙ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽረዋል። በነባሮቹ የሥራ ቦታዎች ቅጥር በሁለት ዓመት 3 በመቶ፣ በአምስት ዓመት 6 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አዲስ የተከፈቱትና የተገዙት ሲታከሉ ግን የተጣራው ኪሳራ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ይህን «አነስተኛ» ቢለው ከቁጥሩ አንጻር ልክ ነው። ኪሳራው የደረሰበት ሰውና አዲሱን ሥራ ያገኘው ሰው ግን አንድ ስላልሆኑ፣ የተጣራ ድምር ለተሰናባቹ ምንም አይነግረውም። እነዚሁ አጥኚዎች ቆይተው እንዳሳዩት ውጤቱ በተገዛው ድርጅት ዓይነት ይለያያል፦ በአክሲዮን ገበያ ላይ የነበሩ ኩባንያዎች ሲገዙ ቅጥር ከ10 በመቶ በላይ ሲወርድ፣ የግል የነበሩት ሲገዙ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ተሰናባቹን ተከትሎ ለሄደ ጥናት መነሻ የሆነው የሉዊስ ጃኮብሰን፣ የሮበርት ላሎንድና የዳንኤል ሳሊቫን የ1993 ሥራ ነው። በፔንሲልቬንያ ለረጅም ጊዜ የሠሩ፣ ድርጅታቸው ተዳክሞ ሥራ ያጡ ሰዎች ከዓመታት በኋላም ሊያገኙት ከሚችሉት ደመወዝ ሩብ ያህሉን በየዓመቱ እንዳጡ ቀርተዋል። ጥናቱ ስለ ግዢ ብቻ አይደለም፤ የሽላይፈርና የሰመርስን ሐሳብ ግን ይደግፋል፣ የጠፋው የቤቱን አሠራር በማወቅ የተገኘው ዋጋ ነውና። ራሳቸው የሚለቁትን በተመለከተ ዳንኤል ኪም የአሜሪካን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አጥንቶ፣ በግዢ ከመጡት ሠራተኞች 33 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ሲለቁ፣ በመደበኛ መንገድ ከተቀጠሩት መሰሎቻቸው የለቀቁት 12 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። ገዢ ሰው የገዛ መስሎት በሩን ሲከፍት ግማሹ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል ማለት ባይቻልም፣ ሲሶው ነው።

ከቁጥሩ ውጪ የሚቀሩ

ኩባንያዎች የሚያሳውቁት መቶኛ በራሳቸው ደመወዝ መዝገብ ላይ ያለውን ሠራተኛ የሚመለከት ነው። በሳይንስ መንደሩ ሕንፃዎች በየማታው ወለል የሚያጸዳው፣ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው፣ ምግብ ቤቱን የሚያስተናግደው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀብላን፣ የሥራ ተቋራጭ፣ ሠራተኛ ነው። በረሆቮት ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው። ከተማዋ፣ በተለይ ቂርያት ሞሼ የተባለው ሰፈር፣ በእስራኤል ካሉት ትልልቅ የቤተ እስራኤል መኖሪያዎች አንዱ ናት፤ በዘመቻ ሙሴና በ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን ከመጣው የመጀመሪያ ትውልድ ብዙው እንጀራውን ያገኘው በኒካዮንና በሽሚራ፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ነው። ልጆቹ በዚያው ሕንፃ ውስጥ በመሐንዲስነት ወይም በሶፍትዌር ሙያ ሲቀጠሩ በቅነሳው መቶኛ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ወላጆቻቸው አይቆጠሩም።

ሁለት መሥሪያ ቤት ተዋህዶ አንድ ፎቅ ሲለቀቅ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኩባንያው ለተቋራጩ ከዚህ ወር ጀምሮ ስድስት ሳይሆን አራት ጽዳት ይበቃኛል ብሎ ይጽፋል። ተቋራጩ ሁለቱን አላሰናብትም፣ ሌላ ቦታ አዛውራለሁ ይላል። ሌላው ቦታ አሽዶድ ወይም ቴል አቪቭ ከሆነ፣ ንጋት ላይ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ መድረስ የማይችለው ሰው ራሱ ይለቃል። በየትኛውም መዝገብ ላይ ይህ ከግዢው ጋር የተያያዘ ስንብት ተብሎ አይጻፍም። በ1996 የወጣው የሰው ኃይል አቅራቢዎች ሕግ፣ ኋላ እንደተሻሻለው፣ በአንድ ቦታ ዘጠኝ ወር የሠራ የአቅራቢ ሠራተኛ የዚያ ቦታ ተቀጣሪ እንዲሆን ቢያዝም፣ ጽዳትና ጥበቃ እንደ አገልግሎት ግዢ ስለሚቆጠሩ በተግባር ከዚህ ውጪ ቀርተዋል። በየካቲት 2012 ሂስታድሩት ለቀናት የቆየ አጠቃላይ አድማ የመታው በዚሁ በተቋራጭ ሠራተኞች ጉዳይ ነበር። ከዚያ የተገኘው ማሻሻያ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ላይ ያተኮረ ነው፤ ሕንፃው ባለቤት ሲቀይር ለሚመጣው መሸጋሸግ መልስ አልሰጠም።

የሕጉ ልዩነቶች

በሕግ ረገድ ትልቁ መለያ አክሲዮን መሸጥና ሥራውን መሸጥ የተለያዩ መሆናቸው ነው። አክሲዮን ሲሸጥ አሠሪው ያው ኩባንያ ነው፤ የተቀየረው የኩባንያው ባለቤት ብቻ ስለሆነ የሥራ ውሉ በነበረበት ይቀጥላል። ሥራው ራሱ ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ሲተላለፍ ግን አሠሪው ይቀየራል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1977 ያወጣው፣ በ2001 የታደሰው መመሪያ በዝውውሩ ምክንያት ብቻ ማሰናበትን ይከለክላል፤ ይሁንና የሚሠራው ለሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ያለውንም ስንብት አይከለክልም። ትልልቆቹ ግዢዎች አብዛኞቹ የአክሲዮን በመሆናቸው ጥበቃው ከሚታሰበው ይጠባል። የአሜሪካው የ1988 ሕግ የሚጠይቀው በአመዛኙ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው።

የእስራኤል ሕግ በተለያየ ቦታ የተበታተነ ነው። በ1957 የወጣው የኅብረት ስምምነት ሕግ ድርጅቱ በሌላ እጅ ሲገባ አዲሱ አሠሪ ነባሩን ስምምነት እንዲቀበል ያስገድዳል። የ1963ቱ የስንብት ክፍያ ሕግ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ሰዉ ፒጹይም የሚለውን፣ ይደነግጋል፤ ዘመኑ የሚቆጠረውም በአንድ አሠሪ ብቻ ሳይሆን በአንድ የሥራ ቦታ ጭምር ነው። ስለዚህ በወር ደመወዝ ወረቀት ላይ ሥራ የተጀመረበት ቀን ከግዢው በኋላ ተለውጦ ከተገኘ ሠራተኛው ዝም ሊለው የማይገባ ነገር ነው። በ2001 የወጣው ሕግ ደግሞ ዓመት ለሞላው የወር ተከፋይ የአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ ይሰጣል። በአሠሪው ዘንድ ስድስት ወር የሠራችን ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ማሰናበት የተከለከለ ነው፤ መደቡ መታጠፉ ብቻውን ፈቃዱን አይተካም።

ፒጹይም ቅነሳን ያስወድዳል፣ ስለዚህም ገዢውን ያስቆማል የሚለው እምነት ግን ጊዜ ያለፈበት ነው። በሕጉ አንቀጽ 14 መሠረት አሠሪው በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንድ የሚያስገባው ገንዘብ የስንብት ክፍያውን ሊተካ ይችላል፤ የግዴታ ጡረታ ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም ሲዘረጋ አሠራሩ ተስፋፋ። ገንዘቡ አስቀድሞ የወጣ ስለሆነ በዕለቱ ሠራተኛ ማሰናበት ለኩባንያው የሚጨምርበት ወጪ ትንሽ ነው። ሠራተኛው ራሱ ቢለቅም ገንዘቡን ማግኘቱ ጥሩ ነው፤ ያው ድንጋጌ ግን ቀናሹ የሚያመነታበትን ምክንያት አንስቶለታል።

በፍርድ ቤቶች የዳበረው ሺሙዓ፣ ከስንብት በፊት የመደመጥ መብት፣ በወረቀት ላይ ጠንካራው ጥበቃ ነው። ሠራተኛው ስንብቱ እየታሰበ መሆኑንና ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጠበቃ ወይም የማኅበር ተወካይ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ የተባለው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ውሳኔው ሊሰጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዓላማው አሠሪው ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችልበት ዕድል መኖሩ ነው። በግዢ ጊዜ ግን የሚታጠፈው መደብ ብዛት ለባለአክሲዮን በተነገረው የቁጠባ ስሌት ውስጥ ከወራት በፊት ገብቷል፤ ሰሚው የረሆቮት ሥራ አስኪያጅ፣ ወሳኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ፍርድ ቤት ሺሙዓው ለይስሙላ ነበር ካለ ካሣ ሊወስን ይችላል። ወደ ሥራ መመለስ ግን ብርቅ ነው።

የኢትዮጵያው አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከእሱ በፊት እንደነበረው 377/1996 ሁሉ፣ ድርጅት ቢቀላቀል፣ ቢከፈል ወይም በባለቤትነት ቢተላለፍ የሥራ ውሉ እንደማይቋረጥ በግልጽ ይናገራል። እስራኤል በአጠቃላይ ሕጓ ያላስቀመጠችውን የቅነሳ ቅደም ተከተልም ያስቀምጣል፦ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቀራል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎትና ጥቂት ጥገኛ ያላቸው አስቀድመው ይወጣሉ፤ በሥራ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ይታያሉ። የስንብት ክፍያው ግን ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ስለሚታሰብና ጣሪያውም የ12 ወር ደመወዝ ስለሆነ፣ በቅነሳ ለወጣ የሚታከለው የ60 ቀን ደመወዝ ተደምሮም ቢሆን፣ ብዙ ዓመት ለሠራ ሰው ከእስራኤሉ ያንሳል። ከ2010 በኋላ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በፍራንስ ቴሌኮም የአስተዳደር ውል ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ ሲደራጅ ብዙ ሠራተኛ ከአዲሱ ምደባ ውጪ ቀርቷል። ባለቤትነቱ ከመንግሥት እጅ አልወጣም ነበር፤ ለቅነሳ የአስተዳደር መቀየር ብቻውን እንደሚበቃ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ክርክሩን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግዢው ባይኖር ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው። አጥኚዎች ያልተገዛ መሰል ድርጅት ፈልገው ያነጻጽራሉ፤ የተገዛው ግን የተገዛው ብዙ ጊዜ ከመሰሎቹ ስለተለየ ነው፣ ወይ ስለደከመ ወይ ተስፋ ስለተጣለበት። የስትራታሲስ የ2024 ቅነሳ ውህደቱ ስለከሸፈ የመጣ ነው፣ ወይስ ውህደቱ ቢሳካም ባይሳካም የማይቀር ነበር? ለመከራከር እንጂ ለመፍረድ የሚበቃ መረጃ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ የምርምር ሥራ ነው። ኮሊን ከኒንግሃም፣ ፍሎሪያን ኤደረርና ሶንግ ማ በ2021 ባሳተሙት ጥናት በመድኃኒት ዘርፍ ከተፈጸሙ ግዢዎች ከ5.3 እስከ 7.4 በመቶ የሚሆኑት ተፎካካሪ ምርምርን ለማስቀረት የተደረጉ መሆናቸውን ገምተዋል። ከቤተ ሙከራ የወጡ ትናንሽ ድርጅቶች ለሚበዙባት ረሆቮት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ ግዢ የሚጠፋው ሥራ ከመደራረብ የመጣ አይደለም፣ ሥራው ራሱ እንዳይቀጥል ተፈልጎ ነው። ይሁንና የውድድር ባለሥልጣናት ግዢን የሚመዝኑት በዋነኛነት በዋጋና በገበያ ድርሻ ነው፤ የሠራተኛው ነገር ገና በቅርቡ መነሳት የጀመረ ሐሳብ ነው።

ሦስተኛው የቆይታ ጥያቄ ነው፤ እስከ ስንት ዓመት ድረስ ያለው ቅነሳ የግዢው ውጤት ተብሎ ይቆጠር? በረሆቮት ወተት የሚያዘጋጀው የተኑቫ ድርጅት ከኅብረት ሥራ ማኅበር በ2008 አፓክስ ወደሚመራው የባለሀብቶች ቡድን፣ በ2015 ደግሞ ወደ ቻይናው ብራይት ፉድ ተላልፏል። እንዲህ ባለቤት በሚቀያይር ድርጅት ላይ አንዱን መደብ የትኛው ባለቤት እንዳጠፈው መለየት የሒሳብ ጉዳይ ሳይሆን የትርጓሜ ጉዳይ ይሆናል።

መረጃው ራሱ የሚሰበሰብበት መንገድም ያልተፈታ ነው። በኒውዮርክ ገበያ የሚነገዱ የእስራኤል ኩባንያዎች በዓመታዊ ሪፖርታቸው የሠራተኛውን ቁጥር በአካባቢና በሥራ ዘርፍ ከፍለው ያወጣሉ። ቁጥሩ በዓመቱ መዝጊያ ቀን ያለውን ያሳያል፤ ባለፉት 12 ወራት ስንቱ እንደተሰናበተ፣ ስንቱ ራሱ እንደለቀቀ፣ ስንቱ መደብ ወደ ሌላ አገር እንደተዛወረ አይለይም፤ የተቋራጭ ሠራተኛ ደግሞ ከነጭራሹ አይገባበትም።